ከጎንደር ድሬዳዋ በአየር አንድ ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ደቂቃ ነው ላሉኝ ጓድ

ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.
ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከመንገደኞች መቆያ ክፍል

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ገሠሠ፣
በደባርቅ የጉዞ ፈቃድ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የጥር ውርጭ ሳይደፍርዎ፣ የደባርቅ ነፋስ በቢሮዎ መስኮት ሳይገባብዎ፣ እርስዎም ባለቤትዎም ልጆችዎም በሙሉ ጤና እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ልጆችዎ። ስለ እኔ ጤና ከጠየቁኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሬ ደህና ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ከዚህ አግዳሚ ወንበር ተነሥቼ፣ እስከ መስኮቱ ሄጄ፣ ሰማዩን አይቼ የተመለስሁትን መንገድ ብደምረው ደባርቅን አልፌ ሊማሊሞን ሳልወርድ አልቀርም።

ምናልባት በባለጉዳይ ብዛት ተዘንግቼ እንደሆነ ራሴን ላስታውስዎ። መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ነኝ፤ ጧት ጧት በደብራችን ዜማና ባሕረ ሐሳብ የማስተምር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ ለጎልማሶች በመሠረተ ትምህርት ፊደል የማስቆጥር፣ በዚህም ምክንያት ከደባርቅ ውጭ አንዲት ሌሊት ለማደር የእርስዎን ማኅተም የምለምን ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት በደጃፍዎ አራት ቀን ስለቆምሁ መልኬን ቢረሱት እንኳ ጫማዬን ሳያውቁት አይቀሩም።

ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው መተዌን ከንቀት እንዳይቆጥሩብኝ እለምንዎታለሁ። የታሸገ ወረቀት በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ምን ያህል ቀን እንደሚያርፍ በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት፣ ይህኛው እንዳይደክም ብዬ ክፍቱን ልተወው ወደድሁ። አንዱን ቅጂ ለእርስዎ፣ አንዱን ለደብሩ አለቃ ሰጥቼ፣ ሦስተኛውን አውቶቡስ መቆሚያው ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ አስቤያለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ሥራ ከበዛብዎ እዚያ ከመንገደኛው ጋር ቆመው ሊያነቡት ይችላሉ።

ጉዳዬ አንድ ብቻ ነው። ልጄ ደምለው፣ ድሬዳዋ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የሃያ ስድስት ዓመት ልጄ፣ ጉበቱን ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል። ወይም ተኝቶ ነበር። የትኛው እንደሆነ ዛሬ ስለማላውቅ ሁለቱንም ጽፌዋለሁ፤ እርስዎ የሚስማማዎትን ይያዙ። እኔ የምፈልገው ዓይኑ ሳይከደን ደርሼ እንዲያየኝ ነው፤ ከዚህ የተለየ አቤቱታ የለኝም።

በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ የተሰቀለው ሠንጠረዥ፣ ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር አምስት መቶ ሰባ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ የጉዞውም ጊዜ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ደቂቃ መሆኑን ይገልጻል። የልጄን መታመም የሚናገረው ቴሌግራም ደባርቅ ከገባ ግን ዛሬ ሃያ አንድ ቀኑ ነው። ከቁጥር ጋር ስኖር ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ እዚህ ከመቀመጥ ብዬ ኪሎ ሜትሩን ለሃያ አንዱ ቀን ሰዓታት አካፍዬ አየሁት፤ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ከመቶ አርባ ሰባት ሜትር መጣልኝ። የጊች መንደር ሽማግሌ በከዘራው ተራራ ሲወጣ ከዚህ ይፈጥናል። ይህም ፍጥነት የሚገኘው አሁን በዚህች ደቂቃ ድሬዳዋ ብገባ ነው፤ እኔ ግን ገና ከጎንደር አልተነሣሁም። እንግዲህ ለዚህ ላበቁኝ በጎ ሥራዎችዎ ሁሉ በየተራ ላመስግንዎ።

አንደኛ፤ ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ቀን የመጣው ቴሌግራም፣ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች መልእክት ሁሉ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ስለሚያልፍ፣ በእርስዎ እጅ ገባ። የላኩት የልጄ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። “ደምለው በጽኑ ታሟል። አባቱን ይፈልጋል። የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠን ጎንደር እንዲጠብቃቸው አድርገናል። ፈጥነው ይምጡ” ይላል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አማርኛ በሠላሳ ዓመት መምህርነቴ አላስተማርሁም። እርስዎ ግን እንደ ተራ ሰው የተጻፈውን ብቻ አንብበው የሚያቆሙ አይደሉም። በአገራችን ወግ የሩቅ ዘመድ ሲሞት “ሞተ” ተብሎ እንደማይላክ፣ “ትንሽ አሞታልና ድረሱ” እንደሚባል፣ መልእክቱ የደረሰውም ሰው ሳይነገረው ገብቶት ነጠላውን እንደሚያዘቀዝቅ ያውቃሉ። ስለዚህ “ታሟል” የሚለውን “ሞቷል” ብለው አነበቡት። የነበረዎትን ጥቂት ጥርጣሬ ደግሞ ትኬቱ አጠፋልዎ፤ “ለታመመ ሰው ማን አውሮፕላን ይልካል? ይህ ልጅ አልቆለታል” ማለትዎን ጸሐፊዎ ወይዘሪት ስጦታ በኋላ እያለቀሰች ነግራኛለች። የድሬዳዋ መምህራን ግን ወጋችንን የማያውቁ የሩቅ አገር ልጆች በመሆናቸው፣ ታሟል ያሉት ስለታመመ ነበር።

ሁለተኛ፤ የገና በዓል እንዳይደፈርስብን በማሰብ ቴሌግራሙን እስከ ጥር መባቻ በመሳቢያዎ ስላቆዩልን ከባለቤቴ ጋር እጅ እንነሣለን። በገና ዕለት መንገድ ላይ አግኝተውኝ “እንኳን አደረሰዎ” ብለው እጄን ሲጨብጡኝ ከወትሮው ረዘም አድርገው ይዘውት ነበር። እኔም ጓድ ገሠሠን ዛሬ ምን ነካቸው፣ ለካ ደግ ሰው ናቸው ብዬ ተገርሜ ቤቴ ገባሁ። በዚያን ቀን በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ሥቄ ነበር።

ሦስተኛ፤ ጥር አንድ ቀን ገና ሊነጋጋ ሲል የደብሩን አለቃ ኪዳነ ማርያምንና ሰባት ሽማግሌዎችን ይዘው ደጄ ስለመጡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የእርስዎን ያህል የሚያውቅ ባለሥልጣን በዘመኔ አላየሁም። ጋቢዎን እስከ ዓይንዎ ተከናንበው ከሁሉ ኋላ ቆሙ፤ አለቃም “መሪጌታ፣ እንግዲህ የፈጣሪን ሥራ እርስዎ ነዎት ለእኛ የሚያስተምሩን፤ ደምለው ዐርፏል” አሉኝ። ባለቤቴ ወለተ ጊዮርጊስ ፀጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን፤ ጎረቤቱ በየተራ እዝን እያመጣ አጽናናን፤ ከዳባትም ከድብ ባሕርም የሰማ ሁሉ መጣ። ለአርባው ተዝካር ጌሾ መወቀጥ ተጀምሮ ነበር። ይህ ሁሉ በጽሕፈት ቤትዎ ጥሩ ቅንብር የተከናወነ ስለሆነ፣ አንዳች የጎደለው ነገር አልነበረም ብዬ ልመሰክርልዎ እችላለሁ፤ ከሟቹ በስተቀር።

ከሁሉ በላይ የማልረሳልዎት ግን ፍትሐቱን ነው። ልጁ በሰው አገር ቢቀበርም ነፍሱ ያለ ጸሎት አትቅር ብለን በደብሩ ፍትሐት አደረስን፤ ያደረስሁትም እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠርሁትን፣ ዳዊት ያስደገምሁትን ልጅ በክርስትና ስሙ ጠርቼ ነፍሱን ማርልኝ እያልሁ ሳዜም ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ሰውም ጽናቴን አደነቀ። በዚያች ሰዓት ልጄ ድሬዳዋ ትራሱን ተደግፎ በሩን ያይ ነበር። ያ ድምፄ አሁን በጆሮዬ በመጣ ቁጥር ከወንበሬ ያስነሣኛል። አፍራለሁ፣ ጓድ ገሠሠ። በእርስዎ ማፈር የእኔ ድርሻ አይደለም፤ በራሴ ነው የማፍረው። እስቲ ወረቀቱን አሳዩኝ ብዬ ሳልጠይቅ አለቀስሁ። መርዶ የመጣበትን ወረቀት አሳዩኝ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ ነውር እንዳልሠራ ብዬ ልጄን ቀበርሁት።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ወጥቼ ነበር። የእህል ጭነት መኪና ነው። ትኬት የምትቆርጠውን ልጅ ደግሜ ብጠይቃት “ይመጣል አባቴ፣ ይመጣል” አለችኝ። ከጧት ጀምሮ ይህንኑ ስትለኝ ውላለች፤ እሷን ምን አድርጊ እላታለሁ። የት ላይ እንደነበርሁ ጠፋኝ፤ አራተኛው ላይ መሰለኝ።

አራተኛ፤ የጥምቀት ማግስት፣ ጥር አሥራ ሁለት ቀን፣ ነጭ ሽንኩርት የምትነግደው የድብ ባሕሯ ደብሪቱ ከጎንደር በአውቶቡስ መጥታ ቤቴ ገባች። ለቅሶ ልትደርስ ነው የመጣችው። ከጎንደር ፖስታ ቤት ለእኛ እንድታደርስ የተሰጣትን ደብዳቤ ከመቀነቷ ፈትታ “የሟች የቆየ ጽሑፍ ነው መሰለኝ፤ አይተው እንዳይብስብዎ ልቀደው ብዬ ነበር፣ እጄ እንቢ አለኝ” ብላ ሰጠችኝ። ጽሑፉን ከሩቁ አወቅሁት፤ “ለ”ን ሲጽፍ አንዱን እግሯን የሚያስረዝማት ልጄ ነው፣ ስንት ጊዜ ተቆጥቼው አልተወም። ቀኑ ጥር ሦስት ይላል። እኛ የለቅሶውን ሦስተኛ ቀን በተቀመጥንባት ዕለት መሆኑ ነው። “አባባ፣ ቴሌግራሙ አልደረሳችሁም እንዴ? አውሮፕላን በመጣ ቁጥር መምህራኑ ማረፊያው ድረስ ሄደው ይጠብቁዎታል፤ የሉም ብለው ይመለሳሉ። በአየር እኮ ሩቅ አይደለም ይሉኛል። እኔ ደክሜያለሁ። ላይዎት እፈልጋለሁ” ይላል።

ወለተ ጊዮርጊስ መጀመሪያ “አታባብሉኝ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም” ብላ ፊቷን አዞረች። ሰው ሲያጽናናት አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ስለሰነበተ ይህም አንዱ ማጽናኛ መስሏት ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብሁላት፤ በሦስተኛው ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ ማንበብ ባትችልም ጉንጯ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በዚህ መካከል ከጊች ዘመዶቻችን ለቅሶ ሊደርሱ ቀኑን ሙሉ በእግር ተጉዘው “ወንድሜን! ወንድሜን!” እያሉ በር ላይ ደረሱ። ባለቤቴ ተነሥታ “ዝም በሉ! አለ! ልጄ አለ!” አለቻቸው። ምስኪኖቹ እንባቸውን ይዘው፣ የተሸከሙትን እዝን ይዘው፣ ይግቡ ይመለሱ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ምግቡን እያለቀስንም እየሣቅንም አብረን በላነው። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ከሰጠን አገልግሎት ሁሉ ደስ ያለን በዚህችው ቀን ብቻ ነው፤ እሷንም ያገኘናት ከደብሪቱ ነው።

ደብዳቤውን ይዤ ከቤቴ እስከ ቢሮዎ በሩጫ መጣሁ። አንድ መሪጌታ ጥምጥሙን በእጁ ይዞ በአደባባይ መሮጡ የከተማውን ሥርዓት አጉድሎ እንደሆነ እዚሁ ላይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ግን እንደ ልማድዎ በትሕትና ተቀበሉኝ፤ ወንበርም አስመጡልኝ። ከዚያም ነገሩን አስረዱኝ። በመዝገቡ መሠረት የደምለው አባት የሦስት ቀን የሐዘን ፈቃዱን ከጥር አንድ እስከ ጥር ሦስት ተጠቅሞበታል፤ በአንድ ልጅ ምክንያት ደግሞ ሁለት ፈቃድ አይሰጥም። ፈቃዱ የታማሚ መጠየቂያ ይሁን ከተባለም ታማሚው በሕይወት ያለ መሆን ይኖርበታል፤ ደምለው ግን በቀበሌው መዝገብ ከሟቾች ተራ ገብቷል። ስለዚህ ኮሚቴው ተሰብስቦ በሕይወት መኖሩን እስኪያረጋግጥ ድረስ መታገሥ አለብኝ። ለመግደል አንድ ቴሌግራም የበቃዎት ጓድ፣ ለማስነሣት አምስት ፊርማ ጠየቁኝ። ከአምስቱ ፈራሚዎች አንዱ ዳባት ለስብሰባ ሄደው ነበር፤ አንዱ ለበዓል እንደወጡ አልተመለሱም። እኔም በደጃፍዎ ላይ ከወዲያ ወዲህ እየተመላለስሁ አራት ቀን ጠበቅሁ። አልዋሽዎትም፣ በዚያን ጊዜ በልቤ ያልሁትን እዚህ ብጽፈው ይህ ደብዳቤ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ አይችልም።

አምስተኛ፤ ጥር አሥራ ስድስት ቀን ልጄ በአምስት ፊርማ ከሙታን ተለይቶ ተነሣ። ያን ጊዜ ነው ያንን የታወቀ ሠንጠረዥዎን በጣትዎ ያሳዩኝ። እንዴት እንዳዘጋጁትም በደስታ ገለጹልኝ፤ በግድግዳው ካርታ ላይ በአንዱ አውሮፕላን ማረፊያና በሌላው መካከል ክር ወጥረው፣ ክሩን በማስመሪያ ለክተው፣ አውሮፕላን በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል በሚል ሒሳብ አካፍለው ያገኙት ነው። መሄጃ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ስድስት፣ መመለሻ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ስድስት፣ ሕመምተኛ መጠየቂያ ሁለት ሰዓት፣ ለመኝታና ለልዩ ልዩ የቀረው ሰዓት ተጨምሮ ሁለት ቀን ሙሉ ፈቀዱልኝ። “ከበቂ በላይ ነው መሪጌታ” አሉኝ። ሒሳቡን እኔም ተከታትዬዋለሁ፣ ስሕተት የለውም። ክሩ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለውን መንገድ አለመንካቱ ብቻ ነው ችግሩ። እርስዎም ክርዎም የማታውቁት ሌላ ትንሽ ነገር ደግሞ እዚህ ከደረስሁ በኋላ ተነገረኝ፤ ከጎንደር ድሬዳዋ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን የለም። አዲስ አበባ ተወርዶ፣ ታድሮ፣ በሌላ ይሄዳል። በዚያ ክር ላይ የሚበር ነገር ካለ አሞራ ነው፣ አሞራም ፈቃድ አይጠይቅዎትም።

የይለፍ ወረቀቴ ጥር አሥራ ስድስት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ታተመ። ያን ሰዓት ከደባርቅ የሚወጣ አውቶቡስ እንደሌለ ያውቃሉና፣ ከተፈቀደልኝ ጉዞ የመጀመሪያውን ሌሊት በገዛ ቤቴ ስንጎራደድ አሳለፍሁት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወለተ ጊዮርጊስ ጠበል በጠርሙስ፣ የተባረከውን የደብሩን ዐመድ፣ እመቱን፣ በወረቀት ቋጥራ ሰጥታኝ ተሳፈርሁ። መንገድ ላይ ባለው ኬላ ወርደን ተራ ይዘን ስንፈተሽ የቆምንበትን በፀሐዩ ብገምተው፣ እንደ እርስዎ ሠንጠረዥ ድሬዳዋ የሚያደርስ ጊዜ ነበር። ፈታሹ ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተው፤ ጠበል ነው ስለው እሱም ትንሽ ተቀባና ከደነው። እኔ ይህ ማረፊያ ስደርስ አውሮፕላኑ ከተነሣ ብዙም አልቆየም ነበር፤ አቧራው እንኳ ገና አልሰከነም። የዛሬው ደግሞ ይኸው እስካሁን አልመጣም።

አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፈቃዴ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ በጽሕፈት ቤትዎ ዓይን ከሥራ ገበታው የኮበለለ ሰው እሆናለሁ። ተመልሼ ደባርቅ ልግባና እንደገና ልጠይቅ፣ ወይስ ኮብልዬ ልጄን ልይ የሚለውን እስከ መስኮቱ በሄድሁ ቁጥር አስቤበታለሁ። አሁን ጨርሼዋለሁ። በስድሳ አንድ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፈቃድ እሄዳለሁ፤ ቅጣቱን ስመለስ እቀበላለሁ፣ ለመቀጣትም የሚያስፈልገውን ፎርም ከወዲሁ እንዲያስቀምጡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። የሚያስጨንቀኝ የእርስዎ ቅጣት አይደለም። የሚያስጨንቀኝ ልጄ በየቀኑ አውሮፕላን ሲያርፍ የሚሰማ መሆኑ ነው። ሆስፒታሉ ለማረፊያው ቅርብ ይሁን ሩቅ አላውቅም፤ ግን ይሰማዋል እያልሁ አስባለሁ። ድምፁ ሲመጣ ቀና ይላል፣ መምህራኑ ብቻቸውን ሲመለሱ ደግሞ ይተኛል። ይህን እያሰብሁ አብረውኝ የሚጠብቁት መንገደኞች ይቀመጡ ይሉኛል።

ጓድ ገሠሠ፣ ክፉ ሰው ነዎት አላልሁም። ክፉ ቢሆኑማ ቴሌግራሙን ያን ዕለት ወርውረውልኝ በሄዱ ነበር፣ እኔም ያን ዕለት በደረስሁ ነበር። የጎዳኝ ደግነትዎና ሒሳብዎ አንድ ላይ መሆናቸው ነው።

መጣ። ይህኛው እውነት ነው፤ ሰው ሁሉ ተነሥቷል፣ ልጅቱም በእጇ እየጠራችኝ ነው። ምስጋናዬን ሳልጨርስ በመነሣቴ እንደማይቀየሙኝ እምነቴ ነው።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣ ሰላምታውም ከእኔ ቀድሞ ካሰበበት እንዲደርስ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ክርዎ እንዳይበጠስ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ ዘወትር እየጸለይሁ፣

በአምስት ፊርማ የተመሰከረለት የአንድ ሕያው ልጅ አባት፣ ከዛሬ አሥር ሰዓት ጀምሮ ኮብላይ፣
መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል
(ፊርማ)

ማስታወሻ፤ ድሬዳዋ፣ ጥር ፳፯ ቀን፤

ከላይ ያለውን ለመላክ ጊዜ ስላላገኘሁ በኪሴ ይዤው በረርሁ። አሁንም በፖስታ አልልከውም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሲያነቡት የደምለው እናት ከእኔ አፍ ሰምታለች ማለት ነው። ሽማግሌ እንዳይሰበስቡ፣ ሌላም ምንም ዓይነት እርዳታ እንዳያደርጉልን አደራ እልዎታለሁ። ጎረቤቶቼ ሁለተኛ ለቅሶ ይቀመጡልኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እንባቸውን አስቀድመው አውጥተውታል።

ስለ ሠንጠረዥዎ እውነቱን ልመስክር። አዲስ አበባ ያደርሁትን ትቼ በሰማይ ላይ የቆየሁትን ብቻ ብቆጥር ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። የተሳሳቱት በሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ነውና ይህን ያህል የሚያስወቅስ አይደለም።

ልጄን ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን በሕይወት አገኘሁት። አምስት ቀን አብረን ቆየን፤ ጠበሉን አጠጣሁት፣ እመቱን ቀባሁት፤ ጥር ሃያ አራት ቀን በእጄ ላይ ዐረፈ። የደረስሁ ዕለት ነው “አባባ፣ ምነው ቆዩብኝ?” ብሎ የጠየቀኝ። በቁምህ ስናለቅስብህ ነበር፣ ፍትሐትህን እኔው ራሴ አድርሼ ነበር ብዬ ለታመመ ልጅ እንዴት ልንገረው? ስለዚህ ለጽሕፈት ቤትዎ ስል ዋሸሁ። ደባርቅ ላይ ዝናቡ በርትቶ መንገዱን ቆርጦብን ነው አልሁት።

የደባርቅ ልጅ ነውና፣ “በጥር፣ አባባ?” አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ይህን ነገር አላነሣብኝም። እኔም ጥያቄው ጉዳዩ ለሚመለከተው ለጽሕፈት ቤትዎ እንዲቀርብ መርቼዋለሁ።